የተቆጣጣሪው ጥርስ

ጠላትህ በገዛ እግሩ መጥቶ፣ በገዛ እጁ በርህን አንኳኩቶ፣ ከፊትህ ተቀምጦ አፉን ሲከፍትልህ፣ ሰማይ ራሱ ጠፍንጎ አስሮ ያስረከበህ ይመስልሃል። ጥርስ ሠሪውም የመሰለው እንደዚያ ነበር።

ሽማግሌው ደፉን ተሻግሮ ባርኔጣውን ሲያወልቅ፣ ጥርስ ሠሪው ፊቱን ከማየቱ በፊት በጉሮሮው አወቀው። ጠረግ፣ ጠረግ፣ ከዚያም ዋጥ። ከብዙ ዓመታት በፊት በፍርድ ቤቱ አዳራሽ፣ እጁን በቅዱሱ መጽሐፍ ላይ ጭኖ ከመዋሸቱ አስቀድሞ ጉሮሮውን የጠረገው ልክ እንዲህ ነበር። ያኔ ጥርሶቹ የነጡና የተሰለፉ ነበሩ። አሁን ከንፈሩ ወደ ውስጥ ተሰብስቦ፣ አገጩ አፍንጫውን ሊስም ተቃርቧል።

«ጥርስ የሚሠራው አንተ ነህ?»

«ነኝ። ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ።»

«ልጅ ነህ።»

«ኧረ ጸጉሬ ሸብቷል፣ አባባ።»

«በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው፣ ያልጎበጠ ሁሉ ጡት አልጣለም» አለና ወንበሩ ላይ ተንሰራፋ። «በል፣ ‹ይክፈቱ› ከማለትህ በፊት እኔው ልክፈተው።»

ከፈተው። ጥርስ ሠሪው መብራቱን ወደዚያ ባዶ ዋሻ አዘነበለ። ድዱን ዳሰሰ፣ ላንቃውን መረመረ፣ እንደ ሊጥ የላመ የቅርጽ መውሰጃ አዋሕዶ ድዱ ላይ በመጫን የመንጋጭላውን ቅርጽ ወሰደ። ከአንገቱ በላይ «ትንሽ ይታገሡኝ፣ አባባ» ይላል፤ ከአንገቱ በታች ሌላ ነገር ይላል።

ታሪኩ አጭር ነው፤ የረዘመው ቂሙ ነው። የጥርስ ሠሪው ታላቅ እህት በወጣትነቷ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ በመተኮሻ ክፍል ትሠራ ነበር፤ ይህ ሰው ደግሞ የክፍሉ ተቆጣጣሪ ነበር። ከምሳ መልስ ካውያ እስኪግል ጊዜ እንዳይባክን ብሎ፣ ሠራተኞቹ ሲወጡ ካውያዎቹ ሳይጠፉ እንዲቆዩ ያዘዘው እሱ ነው። አንድ ቀን ክፍሉ ተያያዘ። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ በጭሱ ታፍኖ ሞተ። እህቱ ሮጣ ገብታ ከእሳቱ ጋር ስትታገል ቀኝ እጇ እስከ አንጓው ነደደ። ተቆጣጣሪው ግን በዳኛው ፊት ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ካውያዋን ሳታጠፋ የወጣችው እሷ ናት፤ እጇን እዩት፣ ምስክሩ እሱ ነው» አለ። ዳኛው እጇን አዩት። ልጅቱ ወህኒ ወረደች፤ እጮኛዋ ሌላ አገባ፤ እናታቸው በወህኒው በርና በቤቷ መካከል ስትመላለስ ደክማ፣ የልጇን መፈታት ሳታይ ዓይኗን ከደነች። ከዚያ ወዲህ ተቆጣጣሪው በጥርስ ሠሪው ጥርስ ውስጥ ገባ፤ ገብቶም ሳይላመጥ፣ ሳይዋጥ፣ ሳይተፋ ኖረ።

ጥርስ ሠሪው ሃይማኖት የለሽ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን የሚቀርበት እሑድ የለም። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» የሚለውንም ተረት አሳምሮ ያውቀዋል፤ ነገር ግን ከተረቱ ጋር የሚሟገትበት ጠበቃ አግኝቶ ነበር። ያ መዝሙረኛ ንጉሥ የጠላቶቹን ጥርስ በአፋቸው ውስጥ እንዲሰባብርለት አምላኩን ለምኖ የለም? እሱ ይህን ልመና ከልጅነት እስከ ሽበት ሲደግመው ኖሯል። ምላሹ በዚህ መልክ ይመጣል ብሎ ግን ከቶ አላሰበም። እንዲሰበርለት የለመነውን እንዲሠራ ተሰጠው። ወንበሩ ባዶ ሲሆንም፣ የሚሠራ ሰው ከሚሰብር ሰው ይልቅ ምን ያህል አብልጦ መጉዳት እንደሚችል አስቦ ለብቻው ፈገግ አለ።

ዘዴው ቀላል ነበር። ከኋላ ካሉት መንጋጋዎች አንዱን ከጓደኞቹ በአንዲት ጸጉር ውፍረት ማስበለጥ፤ ይኸው ነው። ሰውዬው አፉን በገጠመ ቁጥር ያቺ ጥርስ ቀድማ ትደርሳለች። መጀመሪያ ጠጠር የነከሰ ይመስለዋል። ቀጥሎ መንጋጭላው ይደክማል፤ ሕመሙ ወደ ጆሮ ግንዱ፣ ከጆሮ ግንዱ ወደ ሰረሰሩ ይወጣል። ሐኪም ጆሮውን ያያል፣ ዓይኑን ያያል፣ ምንም አያገኝም። ሞት ለአንድ ቀን ነው፤ ይህ ግን በየቁርሱ፣ በየምሳው፣ በየራቱ የሚታደስ ፍርድ ነው።

ለሙከራ በመጣበት ቀን ጥርሶቹ ገና በሰም ላይ ተሰክተው ነበር። ጥርስ ሠሪው አፉ ውስጥ አስገባቸውና ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ቆመ።

«‹ስድሳ ስድስት› ይበሉ እስቲ።»

«ለምን?»

«አየሩ በጥርስዎ መሐል በደንብ ማለፉን የምሰማው በእሱ ነው።»

«ሰባ ሰባት ብልህስ?»

«አባባ፣ ይበሉ እንጂ።»

«ስድሳ ስድስት» አለ ሽማግሌው። «ስድሳ ስድስት፣ ስድሳ ስድስት! ዱሮ ሠራተኞቼን ስቆጥር እንዲህ ነበር የምለው። አንዷ ከጎደለች አልምራትም።»

ጥርስ ሠሪው ጀርባውን አዙሮ የማይፈልገውን መሣሪያ ከመሳቢያው ይፈልግ ጀመር። «እኔ ጋ ማን ላክዎት?» አለ፣ ድምፁን እንደ ምንም አለዝቦ።

«አንዲት ሴት። ያለሁበት የአረጋውያን መኖሪያ ከቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። ዳቦ እያራሰች ታጎርሰናለች፤ ውኃ ታበዛበታለች እንጂ ደግ ናት። ‹ወንድሜ ይሥራልዎት› አለችኝ። ቀኝ እጇ እንደ ቀለጠ ሻማ ነው። ‹ምን አቃጠለሽ?› ብላት፣ ‹እሳት› አለችኝ።» ሽማግሌው በሰሙ ጥርስ ሳቀ። «ቀልደኛ!»

ጥርስ ሠሪው መሳቢያውን ገፍቶ ዘጋው። አላወቃትም። ሽማግሌው ያችን እጅ በዳኛ ፊት ምስክር አድርጎ፣ ከዚያችው እጅ እየጎረሰ፣ አላወቃትም።

ቤታቸው ጥርስ ከሚሠራበት ሱቅ ጀርባ ነው፤ ወንድምና እህት ሳያገቡ አብረው የሚኖሩበት። እህቱ ወጥ ቤት ተቀምጣ በግራ እጇ ድንች ትልጥ ነበር። የሰፈሩ ሰው «እት በቃኝ» ይላታል፤ ምን ቢያቀርቡላት፣ ምን ቢጨምሩላት፣ ከአፏ የሚወጣው እሱ ብቻ ነውና። ወንድሟ ያን ቃል አይወደውም። የተቀማ ሰው በቃኝ ሲል፣ ለቀማኛው ደረሰኝ እንደ መቁረጥ ይቆጥርበታል።

«እታለም፣ ማንን እንደላክሽብኝ ታውቂያለሽ?»

«ያን ድስት አቀብለኝ።»

«እታለም!»

«አትጩህ፣ የተቃጠለው እጄ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም። አውቃለሁ። ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ነው ያወቅሁት።»

«እና?»

«እናማ ዳቦ ማኘክ አልቻለም። ሰው በስተርጅናው የራሰ ዳቦ ብቻ ይብላ?»

«ድንጋይ ይብላ!»

«ለድንጋዩስ ቢሆን ጥርስ ያስፈልገው የለም?»

ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ በዚህ ይበልጥ ተናደደ። «ይቅርታ ጠይቆሻል?»

«አላወቀኝም እንኳ።»

«እንዴት አያንገበግብሽም? ሰው ነሽ ወይስ ግድግዳ?»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አንገብግቦኛል እንጂ። ወህኒ ቤት ሳለሁ በየማለዳው ተንበርክኬ እንዲሞት እጸልይ ነበር። ስሙን እየጠራሁ። ክፉ ሞት፣ ዘገምተኛ ሞት። አንድ ማለዳ እማዬ መታመሟን ነገሩኝና ለእሷ ልለምን ብንበረከክ፣ አፌ የእሱን ስም ጠራ። ከልምድ ብዛት፣ ወንድም ዓለም! እናቴ በሞት አፋፍ ላይ ሆና፣ እኔ በአምላክ ፊት የማነሣው እሱን! ያን ጊዜ ገባኝ። ነጻነቴን እሱ ወስዶታል፤ ጸሎቴን ግን ራሴ ነኝ ለእሱ ያሸከምኩት። ‹ጌታዬ፣ ይህን ሰው ከአፌ አውጣልኝ› አልኩ። ደግ ስለሆንኩ አይደለም። ጠበበኝ።»

«አወጣልሽ?»

«ቀስ እያለ፣ እንደ እሾህ። ቦታውንም ባዶ አልተወውም፤ ራሱ ገባበት። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር የለኝም፤ የጎደለኝ ግን የለም። ሰው ‹በቃኝ› እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ፤ እውነትም በቅቶኛል።»

«እኔ ግን አልበቃኝም።»

«አንተ ምን ተበድለህ?» ድምፏ ለመጀመሪያ ጊዜ ከረረ። «የተበደልኩት እኔ፣ ቂም ያረገዝከው አንተ! ስትወስደው እንኳ አላስፈቀድከኝም። ይቅር በለው አላልኩህም፤ ይቅርታው የእኔ ነው፣ ጨርሼዋለሁ። ከአንተ የምፈልገው እጅህን ብቻ ነው። የእኔ እጅ መርፌ አይጨብጥም። እጅህን አውሰኝና ለዚያ ሽማግሌ ጥርስ ልሥራለት።»

እጁን አዋሳት፤ ጥፍሩን ግን አልቆረጠም።

በነጋታው ሰሙ ቀልጦ ወጣ፤ በቦታው ጠንካራው ጥርስ ገባ። ጥርስ ሠሪው በዕድሜው እንደዚያ ተጠንቅቆ ሠርቶ አያውቅም። ድዱን ከሕያው ድድ በማይለይ ቀለም አቀለመ፣ የፊተኞቹን ጥርሶች ለዕድሜው እንዲመጥኑ በጥቂቱ አደበዘዘ፣ ጠርዛቸውን አለሰለሰ። ያችን አንዲት መንጋጋ ብቻ ከሌሎቹ ከፍ እንዳለች ሳይነካ ተዋት። ሥራው ሲያልቅ እንደ መንጋጭላ በሚከፈትና በሚዘጋው የብረት ማጠፊያ ላይ ሰቅሎ ገጠመው። ቀጭ። አንዷ ቀድማ ደረሰች። ያ ድምፅ በጆሮው ከመዝሙር ጣመው።

ሽማግሌው መጥቶ አደረገው። ጥርስ ሠሪው ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ስስ ወረቀት ዘርግቶ አስነከሰው፤ በሌሎቹ ጥርሶች ላይ ቀለሙ ገረፍ አድርጎ ሲያልፍ፣ በዚያች ላይ ጠቁሮ ታተመ።

«አንድ ነገር ይቆረቁረኛል» አለ ሽማግሌው።

«ይለምዱታል፣ አባባ። አዲስ ጫማም መጀመሪያ ይነክስ የለ?»

«ጫማውስ እግሬን ነው። ይኼ ጭንቅላቴን ነው የሚነክሰኝ።»

«ይለምዱታል።»

የሚቀጥሉት ቀናት ለጥርስ ሠሪው የድግስ ያህል ነበሩ። ማዕድ በቀረበ ቁጥር የሽማግሌውን መንጋጭላ ያስባል፤ ይኸኔ ነከሰ፣ ይኸኔ ፊቱ ተጨማደደ፣ ይኸኔ ቁራሹን መለሰው ይላል። ነገር ግን ሐሳቡ ጠግቦ በመተኛት ፈንታ ሌላ ይጠይቀው ጀመር። መገመት አልበቃ አለው፤ ማየት አማረው። ስለዚህ በእሑዱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ፣ የእህቱን የዳቦ ቅርጫት ተቀበላትና «እኔ ልያዝልሽ፣ አብሬሽ እሄዳለሁ» አላት። እህቱ ደስ አላት። ደስታዋን ላለማየት ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

የአረጋውያኑ መመገቢያ አዳራሽ በረጃጅም ጠረጴዛዎች የተሞላ፣ የተቀቀለ ጎመንና የሳሙና ሽታ የተደባለቀበት ነበር። ተቆጣጣሪው ከመስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ጉንጩ ጎድጉዷል፤ ዓይኑ እንቅልፍ ካጣ ሰው ዓይን በላይ ቀልቷል። በሳህኑ ላይ ያለው ዳቦ አልተነካም። ጥርስ ሠሪው ይህን ሲያይ ልቡ ደረቱን እንደ በር ደለቀው። ተሰማ! ልመናው ተሰማ!

ሽማግሌውም አየው። በከዘራው ጠረጴዛውን ደበደበ።

«ይኸውላችሁ! መጣላችሁ፣ ሥጋ ቆራጩ! ጠማማ ጥርስ ነው የሠራልኝ! እንቅልፍ የለኝ፣ ምግብ የለኝ፣ ጆሮ ግንዴን በመዶሻ ይቀጠቅጠኛል! ሆን ብሎ ነው፣ ሆን ብሎ!»

እህቱ ቅርጫቱን ከወንድሟ እጅ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«አባባ፣ ወንድሜ ጠማማ ነገር አይሠራም።»

«ሠርቷል እልሻለሁ!»

«አይሠራም። አብሬው ነው የኖርኩት፤ ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ድድዎ ከስቶ ይሆናል። እሱ ግን አውቆ ሰው አይጎዳም፤» የተቃጠለ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ «በእግዚአብሔር ስም እመሰክራለሁ።»

«እት በቃኝ ካለች አለቀ!» አለች አንዲት አሮጊት ከማዶ።

«ምስጋና ቢስ! አጉርሳው፣ ጥርስ አሠርታለት!»

«ጥርስ ሳይኖረው ነበር የሚሻለው፣ ቢያንስ አይናከስም ነበር!»

ሳቁ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ተሻገረ። ሽማግሌው ዙሪያውን ተመለከተ፤ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ገጠመው፣ ሲገጥመውም ሕመሙ ፊቱን አጨማደደው። በሕይወቱ ምናልባት አንድ እውነት ተናገረ፤ የሚያምነው አጣ።

ጥርስ ሠሪው ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። በቀሉ እሱ ካቀደው በላይ ሞልቶ ፈሰሰ። ምስክር፣ ሸንጎ፣ የማይሰማ ጩኸት፤ ልክ በልክ፣ አንዳች ሳይጎድል! ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ደስታው እስከ ጉሮሮው ወጣ፤ ከዚያ ግን የእህቱ እጅ ላይ ዓይኑ አረፈ። አሁንም ደረቷ ላይ ነበር። ያ ሰው በሐሰት መሰከረባት እንጂ አፏን አልነካውም፤ ከወህኒ ይዛው የወጣችው ንጹሕ ነገር ቢኖር አፏ ነበር። ዛሬ ግን ሐሰት ወጣው፤ በአምላክ ስም። ተቆጣጣሪው ያልደረሰበትን ደጅ፣ እሱ ወንድሟ በርግዶ ገባ።

«እታለም» አለ። ድምፁ ከሩቅ የመጣ ይመስል ነበር። «የመሰከርሽው እውነት አይደለም።»

«ምን አልክ?»

«ጥርሱ ጠማማ ነው። አውቄ ነው።»

እጇ ከደረቷ ወረደ። ሳቁ በየጠረጴዛው ሞተ። አተኩራ አየችው፤ በዓይኗ ውስጥ ምሕረት አልነበረም፣ ቁጣ እንጂ። «በእግዚአብሔር ስም አስዋሸኸኝ» አለችና ወንበር ስባ ተቀመጠች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች።

«አልኳችሁ!» አለ ሽማግሌው። «አልኳችሁ እኮ! ምን አድርጌህ ነው አንተ ሰው?»

ጥርስ ሠሪው ጎንበስ አለ። ይህን ጊዜ በአልጋው፣ በመንገዱ፣ በሥራው ላይ ሆኖ ስንቴ ተለማምዶታል። «የመተኮሻ ክፍሉ እሳት» አለ። «‹እጇን እዩት› ብለው የመሰከሩባት ልጅ ወንድም ነኝ። እጇ ያውልዎት።»

ሽማግሌው ወደ እህቱ አየ። እጇን አየ። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ጠረገ፣ ዋጠ።

«የትኛው እሳት?» አለ።

ረስቶ ይሁን፣ መርሳትን መርጦ ይሁን፣ ከዚያ ፊት ላይ ማንበብ አይቻልም ነበር። ሽማግሌው ጥርሱን ከአፉ አወጣና ዘረጋለት፤ ምራቅ የነካው፣ የሞቀ ነገር በጥርስ ሠሪው መዳፍ ላይ አረፈ። ጣቶቹ ተጨበጡበት። ወለሉ ድንጋይ ነው፤ አንዴ ቢወረውረው ይበቃዋል። ያ ሰው ምንም አልተጸጸተም፣ ምንም አይጸጸትም፤ ከእሱ የሚጠበቅ አንዲት ቃል እንኳ የለም። እህቱን አየ፤ ፊቷን አልመለሰችም። በአዳራሹ ሙሉ የሚረዳው ሰው አልነበረም።

ያ የንጉሡ ልመና ወደ አፉ መጣ፤ ሊለው አልቻለም። በምትኩ ማንም ያላስተማረው ሌላ ወጣ፣ በሹክሹክታ። «ጌታዬ፣ አልወደውም። ልወደውም አልችልም። እጄን ግን ያዝልኝ።»

ከኪሱ የማትለየውን ትንሿን ሞረድና ሰማያዊውን ወረቀት አወጣ። መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ያችን መንጋጋ ሞረዳት፤ ነጭ ብናኝ እንደ ዱቄት ጫማው ላይ ወረደ። አስነከሰው፣ ሰማያዊውን አየ፣ እንደገና ሞረደ፤ ቀለሙ በጥርሶቹ ሁሉ ላይ እኩል እስኪታተም ድረስ አልተወም። ይህን ሲያደርግ የራሱ መንጋጭላ ቀስ ብሎ ተላቀቀ። ለካ ገጥሞት ነበር የኖረው። ሕመሙ ከጆሮ ግንዱ ሲወርድ ተሰማው፤ ሕመም መሆኑን እንኳ እስከዚያች ሰዓት አያውቅም ነበር።

ሽማግሌው የዳቦውን ቅርፊት አንሥቶ ነከሰ። ቅርፊቱ ተሰባበረ። አላመጠ፣ ቆም አለ፣ እንደገና አላመጠ። ምስጋና አልተናገረም።

«ጨው ያንሰዋል» አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ምን ቆመህ ታየኛለህ? ቁጭ በልና ብላ እንጂ!»

ባዶ የነበረው ከጎኑ ያለው ወንበር ብቻ ነበር። ጥርስ ሠሪው ተቀመጠ። እህቱ አላናገረችውም፤ ዳቦ ቆርሳ ግን ከፊቱ አኖረችለት። በላ። ሲያላምጥም አንድ እንግዳ ነገር ተገነዘበ፤ ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ምንም አይፈልግም። ሞቱንም፣ ሕመሙንም፣ «ማረኝ» የሚል ቃሉንም እንኳ። ፍለጋው የነበረበት ቦታ ጸጥ ብሏል፤ ጸጥታው ግን ባዶ አልነበረም፣ የሆነ ሰው በቀስታ ገብቶ የተቀመጠበት ቤት ይመስል ነበር።

«ያን ውኃ አቀብለኝ» አለው ሽማግሌው።

አቀበለው።